የአያቱን ትምህርት ያልረሳው ቅዱስ ባስልዮስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ከዐሥራ አራቱ ቅዳሴያት አንዱ የሆነው ቅዳሴ ባስልዮስ ሲቀደስ የዚህን አባት ስም እንሰማለን፤ በሃይማኖተ አበውም ትምህርቱን እናገኛለን፤ ጥር 6 ቀን ደግሞ ቤተ ክርስቲያናችን ዕረፍቱን ታስባለች። ታላቅ ሊቅ እንደ ነበረ፣ የቂሣርያ ሊቀ ጳጳስ እንደ ነበረ፣ በንጉሥ ፊት ሃይማኖቱን ያልለወጠ ጽኑዕ እንደ ነበረ ብዙዎቻችን ተምረናል። ይሁን እንጂ ይህ ሊቅ የሃይማኖቱ መሠረት አንዲት አሮጊት፣ ይኸውም የገዛ አያቱ እንደ ነበረች ሳያፍር የመሰከረ ሰው መሆኑን ያወቅን ጥቂቶች ነን። በዚህ አጭር ጽሑፋችን ታሪኩን ልናነሣ የወደድነውም ስለዚሁ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ከባስልዮስ ልደት በፊት ወደ ነበረው ዘመን መመለስ ያስፈልጋል። ዛሬ ቱርክ በምንለው አገር፣ በጥቁር ባሕር አጠገብ፣ ጳንጦስ የሚባል አውራጃ ነበረ። በበዓለ ኀምሳ ቀን የሐዋርያትን ስብከት ከሰሙት ሕዝቦች መካከል የጳንጦስ ሰዎችም በሐዋርያት ሥራ ተቈጥረዋል። በዚህ አውራጃ፣ ኒዮቂሣርያ በምትባለው ከተማ፣ በሦስተኛው መቶ ዓመት ጎርጎርዮስ ገባሬ መንክራት የሚባል ኤጲስ ቆጶስ ነበረ። ወደ ከተማዪቱ ሲገባ ያገኛቸው ክርስቲያኖች ዐሥራ ሰባት ብቻ እንደ ነበሩ፣ ሲያርፍ ግን ሳያምኑ የቀሩት ዐሥራ ሰባት ብቻ እንደ ሆኑ በትውፊት ይነገራል። እርሱ በ270 ገደማ ካረፈ በኋላ ትምህርቱ በቃል ሲወርድ ሲዋረድ ቈየ። ያንን ቃል ተቀብለው በልባቸው ከጠበቁት ሰዎች አንዷ ማቅሪና የምትባል ሴት ነበረች። የባስልዮስ የአባቱ እናት እርስዋ ናት።

በ303 ዓ.ም. ንጉሡ ዲዮቅልጥያኖስ በክርስቲያኖች ላይ ታላቁን ስደት አስነሣ፤ ከእርሱ በኋላ የተነሡትም ነገሥታት ስደቱን ቀጠሉበት። በመክሲሚኖስ ዘመን ማቅሪናና ባለቤቷ ክርስቶስን ከመካድ ቤታቸውን መተውን መረጡ። ጥቂት ሰዎችን አስከትለው ወደ ጳንጦስ ተራራና ጫካ ገቡ፤ በዚያም ሰባት ዓመት ያህል ቈዩ። በባለጸግነት ያደጉ ሰዎች ናቸው፤ በጫካ ግን ብርዱና ዝናሙ፣ የእንጀራ ማጣቱና ከወዳጅ መለየቱ ሁሉ ደረሰባቸው። የዱር አጋዘን ለምግባቸው በፈቃዱ እየመጣላቸው ይመገቡ እንደ ነበር የባስልዮስ ወዳጅ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ይተርክልናል። ሀብታቸውም ስለ ሃይማኖታቸው ተወርሶባቸዋል። የባስልዮስ የእናቱ አባት ደግሞ በንጉሥ ቍጣ ተገድሏል። እንግዲህ ባስልዮስ በሁለቱም ወገን የስደትና የሰማዕትነት ልጅ ነው ማለት ነው።

ባስልዮስ በ330 ገደማ ተወለደ። አባቱ እርሱም ባስልዮስ የሚባል የንግግር ጥበብ መምህር ነበረ፤ እናቱ ኤሜልያ ትባላለች። ዐሥር ልጆች ወለዱ። የመጀመሪያዪቱ ልጅ በአያትዋ ስም ማቅሪና ተባለች፤ ባስልዮስ ከወንዶቹ በኵር ነው፤ ከእርሱ በኋላ ናውክራጥዮስ፣ በኋላ የኑሲስ ኤጲስ ቆጶስ የሆነው ጎርጎርዮስና የሁሉ ታናሽ የሆነው ጴጥሮስ ይገኛሉ። ባስልዮስ ሕፃን ሳለ በአያቱ እጅ አደገ። በእናት በአባቱ ቤት መምህር አልጠፋም ነበር፤ አባቱ ራሱ የታወቀ መምህር ነው። ሆኖም ሕፃኑ የመጀመሪያውን የሃይማኖት ትምህርት የተማረው ከአያቱ አፍ ነው። እርስዋም ከጎርጎርዮስ ገባሬ መንክራት በትውፊት የደረሳትን ቃል በየቀኑ ትነግረው ነበር። ያ ቃል በጫካ ውስጥ ሰባት ዓመት የተፈተነ ቃል ነበርና የምትነግረው ከወሬ አይደለም።

አያቱ ካረፈች በኋላ አባቱም ብዙ ሳይቈይ ዐረፈ። ባስልዮስ ለትምህርት ወደ ቂሣርያ፣ ከዚያም ወደ ቍስጥንጥንያ፣ በመጨረሻም ወደ አቴና ሄደ። አቴና በዚያ ዘመን የጥበብ ሁሉ መናኸሪያ ነበረች። በዚያ ከጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ጋር እንደ አንድ ነፍስ ሆነው ተማሩ። በ355 ገደማ ወደ አገሩ ሲመለስ በአንደበቱ ርቱዕነት የተደነቀ ሰው ሆኖ ነበር። ነገር ግን እዚህ ላይ ወንድሙ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ያልደበቀው አንድ ነገር አለ። ባስልዮስ በትምህርቱ ታብዮ፣ የአገሩን ሹማምንትና ሽማግሎች ሁሉ ከራሱ በታች አድርጎ ያይ ነበር። ይህን ያየችው ታላቅ እኅቱ ማቅሪና ናት። እርስዋ አቴናን አላየችም፤ ከእናትዋ ጎን ሳትለይ የኖረች ናት። ነገር ግን ወንድምዋን ገሠጸችው፤ እርሱም ተግሣጽዋን ሰማ። ተጠመቀ፤ ወደ ግብፅ፣ ወደ ፍልስጥኤም፣ ወደ ሶርያና ወደ መስጴጦምያ ሄዶ የመነኮሳትን ኑሮ ተመለከተ፤ ከዚያም ያለውን ንቆ በጳንጦስ፣ አያቶቹ በተሰደዱበት ምድር፣ በኢሪስ ወንዝ አጠገብ መንኖ ተቀመጠ።

በዚህ ጊዜ ቤተሰቡ ሽማግሎቹን እንዴት ይይዝ እንደ ነበር ማየት ይጠቅመናል፤ ባስልዮስ ብቻውን የበቀለ ዛፍ አይደለምና። ወንድሙ ናውክራጥዮስ በሃያ ሁለት ዓመቱ ገደማ ዓለማዊ ሹመትን ትቶ በዚያው ወንዝ አጠገብ ወዳለ ጫካ ገባ። በዚያ ድኆችና ሕሙማን የሆኑ ሽማግሎች ነበሩ። እርሱ አደን ያውቅ ነበርና እያደነ በገዛ እጁ ይመግባቸው ነበር። እናቱ ያዘዘችውንም ሁሉ በደስታ ይፈጽም ነበር። አምስት ዓመት ያህል እንዲህ ሲያገለግል ቈይቶ፣ ለእነዚያ ሽማግሎች ምግብ ፍለጋ እንደ ወጣ በአደን ላይ ሳለ በድንገት ሞተ። ማቅሪና ደግሞ እናትዋ ኤሜልያ በሐዘን እንዳትሰበር ደግፋ አቆመቻት። በቤቱ ብዙ አገልጋዮች ሳሉ የእናትዋን እንጀራ በገዛ እጅዋ ትጋግር ነበር። ኤሜልያ በሽምግልናዋ ዐልጋ ላይ ሳለች በኵርዋ ማቅሪናና ዐሥረኛ ልጅዋ ጴጥሮስ በግራና በቀኝዋ ተቀመጡ፤ እርስዋም ሩቅ ያሉትን ልጆችዋን ሁሉ መርቃ፣ የመጀመሪያዪቱን እንደ በኵራት፣ የመጨረሻውን እንደ ዐሥራት አድርጋ ለእግዚአብሔር አቀረበቻቸው። በእኛም አገር ልጆች የእናት የአባታቸውን ምርቃት ተንበርክከው ይቀበላሉና ይህ ታሪክ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

የባስልዮስ ወዳጅ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮትም እንዲሁ ነበረ። ሁለቱ አብረው ሊመንኑ በአቴና ተስማምተው ነበር፤ ነገር ግን ጎርጎርዮስ ያረጁ አባትና እናቱን ጥሎ መሄድ አልቻለም። እነርሱን መርዳት ከተስማሙበት ነገር ይቀድማል ብሎ አሰበ። በእውነትም ብሕትውና ታላቅ ነገር ነው፤ ሆኖም ለእግዚአብሔር ብለን ተነሥተን ቤት ያሉትን አረጋውያን ብንረሳ አካሄዳችን እንደሚጎድል ይህ ታሪክ ያስተምረናል።

ባስልዮስ ከበረሓ ተጠርቶ በቂሣርያ ቅስና በተሾመ ጊዜ ደግሞ ሌላ ፈተና ገጠመው። የከተማዪቱ ጳጳስ አውሳብዮስ በዕድሜ የገፋ፣ በትምህርት ግን ከባስልዮስ የማይተካከል ሰው ነበረ። በመካከላቸው ቅሬታ ተነሣ። ብዙ ሰዎች ከባስልዮስ ወገን ስለ ነበሩ ሊለያዩ ይችሉ ነበር። እርሱ ግን ቤተ ክርስቲያን እንዳትከፈል ብሎ ዝም ብሎ ወደ ጳንጦስ ሄደ። በኋላ አርዮሳውያን በተነሡ ጊዜ ተመልሶ መጣ፤ ለሽማግሌው ጳጳስ አማካሪና ምርኵዝ ሆነ፤ ሥራው የእርሱ ሆኖ ሳለ ክብሩን ለሽማግሌው እየተወ አውሳብዮስ በ370 እስኪያርፍ ድረስ አገለገለው። በ368ና በ369 በአገሩ ጽኑ ረኃብ በሆነ ጊዜ ጎተራቸውን የዘጉትን ባለጸጎች በስብከቱ አስከፈተ፤ ፎጣ ታጥቆም ለተራቡት በገዛ እጁ መብል አቀረበ።

አውሳብዮስ ካረፈ በኋላ ባስልዮስ በ370 በመንበሩ ተተካ። በዚያን ጊዜ ከአጎቱ ጋር ያደረገው ነገር ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ለወጣቶች የሚጠቅም ይመስለናል። አጎቱ እርሱም ጎርጎርዮስ የሚባል ኤጲስ ቆጶስ ነበረ፤ ባስልዮስም እንደ አባት ያየው ነበር። በመካከላቸው መቀያየም ሆነ። ታናሽ ወንድሙ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ሊያስታርቃቸው ብሎ በአጎታቸው ስም የሐሰት ደብዳቤ ጻፈ። ነገሩ ሲገለጥ ባስልዮስ እጅግ አፈረ፤ ወንድሙንም ገሠጸው። ዕርቅ በሐሰት አይገኝምና። ነገር ግን በዚያ አልቀረም። እርሱ በዚያ ጊዜ የታላቂቱ ቂሣርያ ሊቀ ጳጳስ ነበረ፤ በማዕረግ ከአጎቱ ይበልጣል። ማዕረጉን ወደ ጎን ትቶ፣ ዝምታው ከዚህ በላይ እንዳይረዝም እየለመነ፣ ልጅ ለአባቱ እንደሚጽፍ አድርጎ ራሱ ለአጎቱ ጻፈ። ከአጎቱም በእውነት የተጻፈ ደብዳቤ በደረሰው ጊዜ በታላቅ ደስታ ተቀበለው። ቅዱሳንም ከዘመድ ጋር መቀያየም አላጣቸውም፤ ከእኛ የሚለዩት ግን ታናሽነታቸውን ዐውቀው ቀድመው እጃቸውን በመዘርጋታቸው ነው።

በ372 ዓ.ም. የአርዮሳውያን ደጋፊ የነበረው ንጉሥ ዋሌንስ ወደ ቂሣርያ መጣ። ሹሙ ሞደስጦስ ባስልዮስን አስጠርቶ ሀብትህን እወርሳለሁ፣ አግዝሃለሁ፣ አሠቃይሃለሁ፣ እገድልሃለሁ እያለ አስፈራራው። ባስልዮስ አልፈራም። ይህ ድፍረት ከአንደበቱ ጥበብ ብቻ የመጣ አይመስለንም። ርስት መወረስና ስደት ለእርሱ በመጽሐፍ የተነበበ ነገር አልነበረም፤ አያቱ በልጅነቱ በጉልበትዋ አስቀምጣ የኖረችውን ኑሮ የሰማው ነገር ነው። የእናቱንም አባት ሞት ያውቃል። ሹሙ የሚያስፈራራበትን ሁሉ ቤተሰቡ አስቀድሞ ከፍሎታል። በቤቱ እንዲህ ያለ ታሪክ የተነገረው ልጅ ፈተና ሲመጣ ብቻውን እንዳልቆመ ያውቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። በ375 ገደማ ባስልዮስ ሃይማኖቱ ቀና አይደለም ተብሎ ተከሰሰ። ከከሳሾቹ አንዱ ቀድሞ እንደ ታላቅ ወንድም ያከብረው የነበረ ኤውስጣቴዎስ የሚባል የሰብስጥያ ጳጳስ ነበረ። የኒዮቂሣርያ ሰዎችም ወሬውን ሰምተው ፊታቸውን አዞሩበት። ባስልዮስ ለእነዚህ ሰዎች ደብዳቤ ጻፈ። ልብ እንበል፤ በአቴና የተማረ ነው፤ ስለ መንፈስ ቅዱስ የደረሰው መጽሐፍ በዚያው ዘመን ተጽፏል፤ መልስ ሊሰጥባቸው የሚችሉ ማስረጃዎች ሞልተውታል። እርሱ ግን ከምስክሮቹ መካከል አያቱን ጠራ። ከእነርሱው ከተማ የወጣችውን፣ እነርሱም የሚያውቁአትን ማቅሪናን በስም አንሥቶ፣ የታላቁን የጎርጎርዮስን ቃል ጠብቃ ያስተማረችው፣ ገና ሕፃን ሳለ በቀና ሃይማኖት የቀረጸችው እርስዋ እንደ ሆነች አስታወሳቸው። በሌላም ደብዳቤው፣ ከእናቱና ከአያቱ የተቀበለው እምነት በውስጡ እንደ ዘር እያደገ መጣ እንጂ በሌላ እንዳልተለወጠ ገለጠ።

ወንድሞችና እኅቶች! ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዚያ ዘመን አንድ ሊቅ ራሱን ለማስከበር የመምህራኑን ዝና ይቈጥር ነበር። ባስልዮስ ግን በሕዝብ ፊት፣ ስሙና ሹመቱ በተፈተነበት ሰዓት፣ ሴት አያቱን መምህሬ ብሎ ጠራ። ቅዱስ ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ አያቱን ሎይድንና እናቱን ኤውንቄን በስም ጠርቶ እምነቱ አስቀድሞ በእነርሱ ላይ እንደ ነበረ አስታውሶታል። አያትን ማክበር ማለት እንግዲህ በበዓል ቀን ልብስ መግዛት ብቻ አይደለም። ከእነርሱ የተቀበልነውን መያዝ፣ ከማን እንደ ተቀበልነውም በሰው ፊት ሳያፍሩ መናገር ነው።

እኛስ? ብዙዎቻችን ማማተብን፣ አቡነ ዘበሰማያትን፣ ጾምን፣ ጸበል መጠጣትን የተማርነው ከማን ነው? ብዙ ጊዜ ፊደል ካልቈጠሩ፣ ዳዊትን ግን በቃላቸው ከያዙ አያቶቻችን ነው። ትምህርት ቤት ገብተን ጥቂት ስናውቅ ግን በጓደኛ ፊት የአያቱን የገጠር አነጋገር የሚያፍርበት፣ ከሰላምታ በቀር የሚያወራቸው የሌለው ወጣት አይጠፋም። እንዲህ ሲሆን የሚጎዱት እርሳቸው ብቻ አይደሉም። ከጎርጎርዮስ ገባሬ መንክራት ወደ ማቅሪና፣ ከማቅሪና ወደ ባስልዮስ፣ ከባስልዮስም ቅዳሴውን እስከሚሰማው ምእመን ድረስ የደረሰው ሰንሰለት በአንድ ትውልድ እፍረት ሊበጠስ ይችል ነበር። ባስልዮስ ቢያፍር ኖሮ የሚጠፋው የማቅሪና ስም ብቻ አልነበረም።

አንዳንዶቻችን ደግሞ አረጋውያን የሚሉት ሁሉ ሃይማኖት ነውን? ከልማድ የተቀላቀለ የለምን? ብለን እንጠይቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። ባስልዮስም ከአያቱ የተቀበለውን ዘር በማድጋ ከድኖ አላስቀመጠውም፤ ቅዱሳት መጻሕፍትን መርምሮ፣ ከአባቶች ጠይቆ አሳደገው እንጂ። ያልገባንን ከካህናት መጠየቅ ይቻላል። ያልገባንን መጠየቅና ያሳደጉንን መናቅ ግን እጅግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ስለዚህ ከዚህ ታሪክ ለሥራ የሚሆነንን እንያዝ። አንደኛ፣ አያቶቻችን በሕይወት ሳሉ እንጠይቃቸው፤ እንዴት እንዳመኑ፣ በምን መከራ እንዳለፉ፣ ማን እንዳስተማራቸው በደብተር እንጻፍ። በሌላ ከተማ ወይም በውጭ አገር የምንኖርም ብንሆን ስልክ ስንደውል ከጤናቸው አልፈን ይህን እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ እንደ ማቅሪናና እንደ ናውክራጥዮስ በእጃችን እናገልግላቸው፤ ውኃ መቅዳት፣ እግር ማጠብ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደግፎ መውሰድ ለሌላ የሚተው ሥራ አይደለም። ሦስተኛ፣ ከታላላቆቻችን ጋር የተቀያየምን ብንሆን እንደ ባስልዮስ ቀድመን እንታረቅ፤ ሽማግሌው እስኪጠራን ብንጠብቅ ዕድሜ ላይጠብቀን ይችላል። አራተኛ፣ ያረፉትን በጸሎትና በተዝካር እናስባቸው፤ ስማቸውንም ለታናናሾቻችን እንንገር።

ባስልዮስ ጥር 1 ቀን 379 በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ዐምሳ ዓመት ሳይሞላው ዐረፈ። ከቂሣርያ ውጭ ለድኆች፣ ለሕሙማን፣ ለለምጻሞችና ለመንገደኞች ያሠራው ቤት እንደ አዲስ ከተማ ይታይ ነበር። ወንድሙ ጎርጎርዮስ ዘኑሲስና ወዳጁ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት በ381 በቍስጥንጥንያ ጉባኤ ተገኝተው የመንፈስ ቅዱስን አምላክነት ከመሰከሩት አባቶች መካከል ሆኑ። ይህ ሁሉ ፍሬ ነው፤ ዘሩን የዘራችው ግን በጳንጦስ ጫካ የተራበች፣ ከዚያም ሕፃን አቅፋ ያስተማረች አንዲት አያት ናት። እናትና አባትን ለሚያከብር ረጅም ዕድሜ ተስፋ ተሰጥቶአል። ባስልዮስ በሥጋ ዕድሜው አጭር ነበረ፤ በቤተ ክርስቲያን ግን ከዐሥራ ስድስት መቶ ዓመት በኋላም ስሙ ይጠራል፤ የአያቱም ስም ከእርሱ ጋር ይኖራል።

የቅዱስ ባስልዮስ ጸሎት፣ የአያቱ የማቅሪና በረከት ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አረጋውያን እናቶቻችንንና አባቶቻችንን በጤና ይጠብቅልን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።